መነጽሯን ሁለት ጊዜ አሰፋሁላት

ሥራዬ መነጽር ነው። ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሌንስ ስሞርድና ፍሬም ሳቃና ኖሬአለሁ። ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ ፊቱን አየዋለሁ፤ የትኛው ጆሮው ከፍ እንደሚል፣ አፍንጫው ወደየት እንደሚያዘነብል፣ ምን ዓይነት ፍሬም እንደሚያምርበት ወዲያው ይታየኛል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። የሰው ሁሉ ፊት እያየሁ የእናቴን ፊት ሳላይ ቀረሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ክው እላለሁ።

ፋሲካ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቁርስ ላይ፣ እናቴ "መነጽሬ ጠበበኝ" አለችኝ።

"እማዬ፣ መነጽር አይጠብም እኮ። ሰው ነው የሚወፍረው።"

"ሁለት ወር ሙሉ ጾሜ ዶሮውን ብበላበት ምን ይደንቃል?" አለችና ሳቀች።

መነጽሩን ሱቅ ወሰድኩት፣ ፍሬሙን አሙቄ አለሰለስኩት፣ እግሮቹን ትንሽ ከፈት አደረግኋቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ "አሁንም ይቆነጥጠኛል" አለችኝ። ከዓይኖቿ ጎን እስከ ጆሮዎቿ ድረስ ሁለት ቀያይ መስመሮች ተጋድመው ነበር። እንደገና አሰፋሁላት። አንድም ጊዜ "ለምን?" ብዬ አልጠየቅሁም።

እናቴ ያኔ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። ዕድሜዋን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ሠርታ በጡረታ የወጣች፣ አባታችን ካረፈ በኋላ እኔንና ታናሽ እህቴን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። እኔና እሷ ከጊዮርጊስ በስተጀርባ፣ እኔ በተወለድኩባት ቤት እንኖራለን፤ እህቴ አግብታ ሥላሴ አካባቢ ናት። እናታችን ንጹሕ ሰው ነበረች። ጣቶቿን ሁልጊዜ በሎሚ ታሻለች፤ "የታይፕ ቀለም አልለቅ ብሎኝ ነው" ትለን ነበር፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ። አፏ ዘወትር ቅርንፉድ ይሸታል። እኔ የእናት ጠረን ማለት ሎሚና ቅርንፉድ ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

ሳል ጀምሯት ነበር። ያን ሰሞን ግን በሰፈራችን የማያስል አልነበረም። በዙሪያችን አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ፣ አቧራው ከማለዳ እስከ ማታ አየር ላይ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ አክታዋን ሰጠች፤ ቲቢ አይደለም ተባለች። የሚዋጥ ኪኒን ተሰጣት፣ ጨረሰችው፣ ሳሉ ግን ቀጠለ። "አቧራው ሲያልፍ ያልፋል" አለች። እኔም አመንኳት።

አንድ እሑድ ጠዋት አብረን ጊዮርጊስ ሄድን። እናቴ በሩ ላይ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። ቀና ስትል ፊቷ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ መስሎ አየሁት። አንገቷ ላይ የደም ሥሮቿ እንደ ገመድ ተገትረዋል። እጇን ወደ ጉሮሮዋ ላከች።

"ማተቤን ፍታልኝ፤ አነቀኝ" አለች።

ድርቅ አልኩ። እናቴ በክርስትናዋ ዕለት የታሰረላትን ማተብ ፍታልኝ ያለችኝ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ቋጠሮውን አላላሁት። ክሩ ያረፈበት ቦታ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጦ መስመር ሠርቶ ነበር። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ያየሁት። አልወፈረችም። አብጣለች።

ከዚያው ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። መጀመሪያ ራጅ፣ ቀጥሎ ሲቲ ስካን ተነሳች። ያየቻት ሐኪም ከእኔ የምታንስ፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ ብዙ ካየች በኋላ ወንበሯን ወደ እናቴ ሳበች።

"እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ? ወይም አጭሰው ያውቃሉ?"

እኔ ቀደምኩ። ሳቄም ቁጣዬም እኩል መጣ። "ዶክተር፣ እናቴ እኮ ናት! እንኳን ልታጨስ፣ የሚያጨስ ሰው ግቢያችን አይገባም።"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ እኔ አላየችም።

"አርባ ምናምን ዓመቴ ነው" አለች።

"ምን አሉኝ፣ እማማ?"

"አጨሳለሁ። በቀን አራት፣ ቢበዛ አምስት። በጾም ሁለት።"

ዶክተሯ ጻፈች። እኔ ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቀሚሷን፣ ነጠላዋን፣ የላላውን ማተቧን ተራ በተራ አየሁ። ሌላ ሴት በእናቴ ልብስ የተቀመጠች መሰለኝ።

ዶክተሯ በደረቷ መሐል ዕጢ እንደሚታይ፣ ከራስ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር እንደተጫነው ነገረችን። የፊቷ እብጠት ከዚያ ነው፤ ደሙ መውረጃ አጥቶ ነው። እብጠቱን የሚያስታግስ መድኃኒት ጻፈችላት። ዓይነቱን ለማወቅ ግን በጉሮሮዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ናሙና መውሰድ አለባቸው፤ ቀኑም ቅርብ ነው።

ስንመለስ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ታክሲው ቆመ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ነበር። እናቴ ሳልጠይቃት ጀመረች።

"አጎትህን በፎቶ ታውቀዋለህ።"

አውቀዋለሁ። የእናቴ ወንድም፤ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ጎፈሬው የተበጠረ ወጣት። በዚያ ክፉ ዘመን ታስሮ እንደሞተ እንጂ ሌላ ተነግሮን አያውቅም።

"ስንቁን የማመላልስ እኔ ነበርኩ። ከሥራ በፊት፣ በየቀኑ። ሴቶቹ ከበሩ ፊት ተሰልፈን እንጠብቃለን። የመለሱልሽ ሰሐን ባዶ ከሆነ ሰውሽ በሕይወት አለ ማለት ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ነበረች፣ ሁለት ልጆቿ የታሰሩባት። ከነጠላዋ ሥር ሲጋራ ትስባለች። አንድ ቀን ስንቀጠቀጥ አይታኝ 'እንኪ፣ ሳቢው፤ እግርሽን ያጸናልሻል' አለችኝ። እውነትም አጸናኝ።" ትንሽ አሳላት። "አንድ ጠዋት ዘበኛው ሰሐኑን እንደሞላ መለሰልኝ። 'ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ' አለኝ። ያን ቀን ስንት እንዳጨስኩ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም።"

ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀምረው ከኋላችን ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ እሱ ግን አልሰማም።

"አባቴ ያውቅ ነበር?" አልኳት።

"ያውቃል። እየገዛ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር።"

"ከሞተ በኋላስ?"

እናቴ እጄን ያዘች። "ከሞተ በኋላማ አንተ ነበርክ።"

"እኔ?"

"'ሂድና የእማዬን ቅርንፉድ አምጣ' ስልህ ታስታውሳለህ? ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጥህ አልነበር? ከቅርንፉዱ ጋር ይጠቀልልልኝ ነበር።"

አስታወስኩ። የማዕዘኑ ባለሱቅ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው ሰፈራችን ያረጁ ሙስሊም ሰው፣ ሳይመዝኑ ጠቅልለው "ቀጥ ብለህ ቤት፤ መንገድ ላይ እንዳትፈታው" የሚሉኝ። እኔም ቀጥ ብዬ ቤት። እንደ ታማኝ ልጅ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጋዜጣውን በደረቴ አቅፌ ያመላለስኩት ሲጋራ ነበር።

ናሙናው ተወስዶ ውጤቱን ስንጠብቅ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤላት ገባሁ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትኩር ብላ አየችኝ።

"ስንቁ ደረሰህ?" አለችኝ።

"ምን አልሽ፣ እማዬ?"

"ሹሮውን አልወደድከውም እንዴ? ለምን እንደሞላ መለስከው?"

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። ከእኔ ጋር አልነበረም የምታወራው፤ ከፎቶው ሰው፣ ከወንድሟ ጋር ነበር። ለእህቴ ደወልኩ። እህቴ መጥታ እናታችንን አይታ አለቀሰች፤ "ይሄ የሐኪም አይደለም" ብላ ሄዳ በጀሪካን ጠበል ይዛ ተመለሰች። እናታችን ጠበል ትወዳለች። በብርጭቆ በብርጭቆ ጠጣች፤ እኛም ደስ ብሎን ሞላንላት። በማግስቱ ጠዋት ስንቀሰቅሳት ዓይኗን ገለጠች እንጂ ማናችንንም አላወቀችም። ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

ድንገተኛ ክፍል ደሟን መረመሩ። ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ እየተጣደፈች መጣች።

"የደሟ ጨው በጣም ወርዷል። ምን ያህል ውሃ ትጠጣለች?"

እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። "ጠበል ነው እንጂ ውሃ አይደለም የጠጣችው" አለች።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። አንዳንድ የደረት ዕጢ ራሱ ሆርሞን እንደሚያመነጭ፣ ያ ሆርሞን ሰውነትን "ውሃ አታስወጣ" ብሎ እንደሚያዝ፣ ውሃው ሲበዛ ጨው እንደሚቀጥን፣ አንጎልም እንደሚያብጥና ሰው እንደሚቃዥ በቀስታ አስረዳችን። "ስለዚህ ለጊዜው የምትጠጣው በልክ ነው። ጠበሉን አልከለክላችሁም። ግን ትጠመቅበት እንጂ አትጠጣው።"

የእናታችን የንስሐ አባት ሊጠይቋት በመጡ ጊዜ እህቴ እያለቀሰች ነገረቻቸው። እሳቸው ማንኪያ አስመጡ፣ ጠበል አንጠባጥበው ከንፈሯን አረጠቡላት። "ልጆቼ፣ በረከቱ በጀሪካን አይለካም። ጠብታውም ጠበል ነው። ሐኪሟ ያለቻችሁን ስሙ" አሉን። በአራተኛው ቀን እናቴ በስሜ ጠራችኝ።

የናሙናው ውጤት በዚያው ሳምንት ደረሰ። ዶክተሯ እኔንና እህቴን ቢሮዋ አስቀመጠችን።

"የሳንባ ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም" አለች። "የእናታችሁ ስሞል ሴል የሚባለው ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ ነው ስሙ። ትንሽ ነው ሲባል ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሌሎቹ ሁሉ ፈጣን ነው። ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባ ወጥቶ ሄዷል። ጉበቷ ላይም ታይቷል።"

"በቀዶ ጥገና አይወጣም?" አልኳት።

"አንድ ቦታ ቢሆን ኖሮ እናስበው ነበር። በደም የተሠራጨን ነገር በቢላዋ አንደርስበትም። መድኃኒቱ ግን በደም ስለሚሄድ ይከተለዋል። ኬሞ ነው የምንሰጣት።"

"ሲጋራው ነው ያመጣባት?"

"ይህ ዓይነቱ ያላጨሰ ሰው ላይ እምብዛም አይታይም።"

እህቴ "ስንት ጊዜ አላት?" ብላ ጠየቀች።

"ካልታከመች ሳምንታት። ከታከመች ወራት፤ ለአንዳንዱ ከዚያም በላይ። እውነቱን ልንገራችሁ። መድኃኒቱ ሲጀመር ትደነግጣላችሁ። ፈጥኖ ያደገ ፈጥኖ ይቀልጣል፤ የዳነች ይመስላችኋል። ብዙውን ጊዜ ግን ተመልሶ ይመጣል። ያኔ እንዳትሰበሩ አሁን እወቁት።"

ኮሪደሩ ላይ ወጥተን እኔና እህቴ ተማከርን። የሁሉም ቤት ወግ ነውና አንነግራትም አልን፤ "የሳንባ ቁስለት ነው" እንላታለን። ክፍሏ ገባን። እናቴ ፊታችንን አየችና ሳቀች።

"እኔ እናንተን አርባ ዓመት ደብቄአችኋለሁ። እናንተ አንድ ደቂቃም አልቻላችሁ። በሉ ንገሩኝ።"

ነገርናት። ደነገጠች። አልጮኸችም፤ ግን እጇ አንሶላውን ጨበጠ፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀውም። ከዚያ "ካንሰርም 'ትንሽ' ተብሎ ስም ይወጣለታል?" አለች፤ የምትቀልድ መስሎኝ ቀና ስል እንባዋ በጆሮዋ ላይ ይወርድ ነበር።

ኬሞው በየሦስት ሳምንቱ ሦስት ተከታታይ ቀን በግሉኮስ ይሰጣል። ያስመልሳታል፣ አፏን ያቆስላታል፣ ጸጉሯ በሁለተኛው ዙር ረገፈ። ነጭ ሻሽ አሰረች። ሲጋራውን ግን ዶክተሯ ፊት ከተናገረችበት ዕለት ጀምሮ አልነካችውም። ትደብቅበት የነበረውን ቦታ ራሷ አሳየችኝ፤ ከልብስ ማስጫው ጀርባ፣ በሁለት ብሎኬት መሐል የተወሸቀ ጣሳ። ከመኝታ ክፍሌ መስኮት አሥር እርምጃ አይሆንም። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ልታሰጣ የወጣች ይመስለኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጋዜጣ ልታነብ መነጽሯን አደረገች። መነጽሩ በአፍንጫዋ ተንሸራትቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። አንስታ መለሰችው፤ እንደገና ወደቀ። ተያየን። ፊቷ ተመልሷል። ጉንጮቿ፣ አገጯ፣ የአንገቷ ጎድጓዳ፣ ሁሉም የድሮው ነበር። ዶክተሯ ቀድማ የነገረችኝን ረስቼ ጮኽኩ። "እማዬ፣ ጠፋ! ሄደ!" እያልኩ ግቢው ውስጥ ሮጥኩ። ጎረቤቶች መርዶ መስሏቸው ወጡ።

ባለሱቁ የሰሙት በዚያ ሰሞን ነው። ሱቃቸው ከፈረሰ በኋላ ከከተማው ጫፍ ልጃቸው ጋ ነበሩ። ሁለት ታክሲ ቀያይረው፣ ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡ። በር ላይ ቆመው አልገቡም።

"ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ በምን ፊቴ?" አሉኝ። ከዚያ ከሩቅ እናቴን ተጣሩ። "እትዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩዎት።"

"ገና አልሞትኩም" አለች እናቴ። "ምን ያስቸኩልሃል?"

ገብተው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፍነው አለቀሱ። "ወላሂ፣ ሁለት ጊዜ 'ይተዉት' ልልዎ አስቤ አፈርኩ። ሌላ ሰው ጋ ይሄዱና ጉዱ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ምስጢርዎን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።"

"ጠብቀሃል" አለች። "ባሌ ሲሞት ስኳርና ሳሙና ይዘህ የመጣኸውም አንተ ነህ። የሳብኩት እኔ ነኝ። አንተ አፌ ላይ አላደረግህልኝም።"

ብርቱካኑን ልጣ አካፈለቻቸው። እኔ ግን ማንን እንደምቆጣ አጥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባለሱቁን እንዳልቆጣ ራሴም ተላላኪ ነበርኩ።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ዶክተሯ ሁለት ፊልም ጎን ለጎን ሰቀለች። በመጀመሪያው ላይ በደረቷ መሐል ቡጢ የሚያህል ነጭ ነገር አለ። በሁለተኛው ላይ የለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ዓይን አለኝ። "ይሄ የሌላ ሰው አይደለም?" ብዬ ጠየቅሁ። የእሷ ነበር።

ሌላ ያላወቅሁት ነገር የተገለጠልኝ ያኔ ነው። እናቴ ካደገች ወዲህ ቆርባ አታውቅም ነበር። እኩዮቿ መበለቶች ሁሉ ሲቆርቡ እሷ ዳር ቆማ አስቀድሳ ትመለሳለች፤ "ገና አልበቃሁም" ትላለች። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ለካ በሲጋራው ነው። ለንስሐ አባቷ አንድም ቀን ሳትናገር አርባ ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ራሷን ከልክላ ኖራለች። ነገረቻቸው፣ ቀኖናዋን ተቀበለች፣ ፈጸመች፣ በነጭ ሻሿ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ጊዮርጊስ ቆረበች። እህቴና እኔ ከኋላ ቆመን አየናት። ምን ያህል ብቸኛ እንደነበረች የገባኝ ያኔ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ከእኛ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እየኖረች።

ኬሞው በስድስተኛው ዙር አበቃ። አምስት ወር ያህል ደህና ነበረች። ጸጉሯ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ሕፃን ጸጉር ለስልሶ በቀለ። አራት ኪሎ ድረስ በእግሯ ሄዳ እህቴን ትጠይቃለች። ዶክተሯ የነገረችንን እያወቅሁ፣ እኛ ዘንድ አይደርስም ማለት ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ሻይ ስትቀዳልኝ ከኩባያው ጎን ቀዳችው። ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ታየዋለች፤ እጇን ግን አታቀናውም። "እማዬ?" አልኳት። "ኩባያው ሸሸኝ" አለች፣ ግራ እግሯም ሲጎተት አየሁ። በዚያው ሳምንት የጭንቅላት ምስል ተነሳች። አንጎሏ ውስጥ ሦስት ቦታ ተገኝቷል።

ቀድሞ የተነገረ ነገር አያስደነግጥም የሚል ሰው አያውቅም። ዶክተሯ ቃል በቃል የነገረችኝ ነበር። እኔ ግን የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ አምጥታ አጠጣችኝ።

ዶክተሯ ሁለት ነገር አቀረበችላት፤ ለጭንቅላቷ ጨረር፣ ለቀሪው ሌላ ዓይነት ኬሞ። ሁለተኛው ኬሞ የመጀመሪያውን ያህል እንደማይሠራ ሳትደብቅ ነገረቻት። እናቴ አሰበች። "ጨረሩን እቀበላለሁ፤ እጄ ይታዘዘኝ። ሌላውን ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አሁን ቤቴ ልሁን" አለቻት። ለጨረሩ ተራ ጠበቅን፤ ከተጀመረ በኋላ በሁለት ሳምንት አለቀ። እጇ ታዘዘላት፣ ለአንድ ወር ከምናምን ያህል።

ሕመሙ ሲጠነክር በብልቃጥ የሚጠጣ ሞርፊን ታዘዘላት። እኔ በማንኪያ እየለካሁ "እማዬ፣ ይሄ ነገር ሱስ እንዳይሆንብሽ" ብዬ አመነታሁ።

"ስለ ሱስ ለእኔ ልታስተምር?" አለችኝ። "አምጣው ወዲህ።"

ሰጠኋት። ሕመሙ ሲለቃት ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ ሳይ በማመንታቴ አፈርኩ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እህቴ እግሯን እያሸችላት፣ እኔ ትራሷን እያስተካከልኩ አረፈች። "ዝቅ አድርገው" አለች፤ ዝቅ አደረግሁት፤ ቀና ብዬ ሳያት የለችም። እህቴ እግሯን ማሸቱን አላቆመችም። "ገና ሙቅ ናት እኮ" ትለኛለች።

እድሩ ድንኳን ጣለ። የመጣው ሁሉ "ምን አገኛት?" ይላል። አንዱ "ብርድ ሳንባዋን መቷት ነው"፣ ሌላው "አቧራው ነው" ብሎ ይመልሳል። መጀመሪያ ቀን ዝም አልኩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው በቀጥታ ሲጠይቀኝ "የሳንባ ካንሰር ነው። አርባ ዓመት ሲጋራ አጭሳ ነው" አልኩ። ካርታ ይጫወት የነበረ አንዱ እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ። ሴቶቹ ተራ በተራ አማተቡ። እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎትታ "ሞታም ስሟን ታጠፋለህ?" ብላ አለቀሰችብኝ። ትክክል ይሁን ስህተት አላውቅም ነበር። የደበቀችው ነገር አብሯት እንዲቀበር ግን አልፈለግሁም።

በሠልስቱ ከሰዓት፣ እንግዳው ሲሳሳ፣ የእድሩ አንጋፋ የሆኑ አንዲት እናት ጠሩኝ። እናቴን ገንዘው ያለበሷት እሳቸው ናቸው። ወደ ድንኳኑ ጀርባ ወሰዱኝ፣ ዙሪያቸውን አዩ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

"ልጄ፣ በቀን ሁለት ብቻ ለሆነም ሰው ይመጣል?"

"ለየትኛው ሰው፣ እማማ?"

"እንዲያው ለአንዲት... ለማውቃት።"

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ቀረ። ዳግመኛ ክው አልኩ። ሰማኒያ ሊሞላቸው የተቃረበ፣ የክርስትና እናቴ የቅርብ ጓደኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው ሴት።

"ያቺ የሚያውቋት ሴት ያስላታል?" አልኳቸው።

"ከገና ወዲህ።"

ሰኞ ጠዋት ይዣቸው ሄድኩ። ለልጆቻቸው ዓይናቸውን ላስመረምራቸው ነው አልኩ፤ የመነጽር ሠሪ ቃል ማን ይጠረጥራል። ያችው ዶክተር ተቀበለችን፤ ስታየኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ፊልሙ ተነሣ። ዶክተሯ ብርሃን ላይ ሰቅላ አየችው። ሳንባቸው ጠቁሯል፣ ተለጥጧል፣ ዕጢ ግን አልታየም። "ለዛሬው የለም" አለቻቸው። "ዛሬውኑ ያቁሙት። በስድስት ወር ተመልሰው ይምጡ።"

ደረጃውን ስንወርድ አንዲት እርከን ላይ ቆመው ወደ እኔ ዞሩ።

"ለልጆቼ ልንገራቸው ትላለህ?"

"ይንገሯቸው፣ እማማ።"

"ይደነግጣሉ እኮ።"

"ይደነግጣሉ" አልኳቸው። ክንዴን ሰጠኋቸውና ወደ ታክሲው ቀስ እያልን ወረድን።